ርካሽ ቀለም ከደረቀ በኋላ

ይህን ሁሉ የርካሽ ቀለም ሙከራ ያስጀመረው በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለ የአንድ ዕድር መዝገብ ነው። ክረምት ላይ በቆርቆሮው ሽንቁር የገባ ውሃ ከሣጥኑ ደርሶ ኖሮ፣ መስከረም ጠብቶ መዝገቡ ሲከፈት አንዱ ገጽ ሁለት መልክ ይዞ ተገኘ። ከላይ ያሉት ስሞች ሰማያዊነታቸው ለቆ ግራጫ ቢሆኑም ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ከመሐል ወደ ታች ያሉት ግን ሐምራዊ ዳመና ሆነዋል፤ ውሃው የቆመበት ዳርቻ ላይ ሰማያዊ መስመር ዞሮ ቀርቷል። ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ የሚለይ የለም። ጸሐፊው አንድ ሰው ነው፤ ከጠርሙስ ቀለም የሚሞላው ብዕሩም (ፋውንቴን ፔኑም) ወረቀቱም ያው ነው። መሐል ላይ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ አልቆ በሌላ ተተክቷል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። እንዲያውም የጠፋው ከተረፈው በጥቂት ብር ይበልጥ ነበር።

ነገሩ አልለቀቀኝም። ርካሽ ዕቃ ሲበላሽ ምክንያት ፍለጋ አንሄድም፤ “ያው ርካሽ ስለሆነ ነው” ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ግን ያ መልስ አይሠራም፤ የባሰ ርካሹ ነው የተረፈው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እንዲወረስ ግን ጽሑፉ ከቆርቆሮ ሽንቁርም ከመስኮት ፀሐይም መትረፍ አለበት። ርካሽ ቀለም ስንሞክር አብዛኞቻችን የምናየው እርጥቡን ነው፤ ደመቅ አለ፣ ለስለስ ብሎ ወረደ ብለን እንገዛለን። እኔ የማምነው ዋናው ሙከራ ከደረቀ በኋላ እንደሚጀምር ነው። ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ ሁሉም ቤት ውስጥ አለ።

ከመደርደሪያው ላይ

የፋውንቴን ፔን ቀለም አብዛኛው ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ አለ፤ ፍሰቱን የሚያስተካክል ሳሙና መሰል ነገር ጥቂት ይጨመርበታል፤ ኒቡ (የብዕሩ ብረት ጫፍ) ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ እንደ ግሊሰሪን ያለ ፈሳሽ፣ እንዳይሻግት ደግሞ ጀርም የሚገድል ነገር ይገባበታል። እነዚህ ከተመጣጠኑ ቀለሙ ዋጋው ምንም ይሁን ይጻፋል። በዓለም ገበያ ከርካሾቹ ተርታ ስማቸው የሚነሣው ፓርከር ኩዊንክ፣ ፔሊካን 4001፣ የቻይናው ሂሮ፣ የሕንዱ ካምሊንና የእንግሊዙ ዳያሚን ናቸው። ኩዊንክ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ዕድሜው ብቻ ርካሽ ቀለም መጥፎ ቀለም ማለት እንዳልሆነ ይናገራል።

ለቁጠባ ከሆነ ጠርሙስ እንጂ ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጠውን ትንሽ ቱቦ፣ አትግዙ። የተለመደው አጭር ካርትሪጅ የሚይዘው 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ስድስት ፍሬ የያዘ ፓኬት ተጨምቆ 5 ሚሊ ሊትር አይሞላም። የኩዊንክ ጠርሙስ 57 ሚሊ ሊትር ነው፤ አሥራ ሁለት ፓኬት ያህል ማለት ነው። ያለቀውን ካርትሪጅ ሳትጥሉ አጥባችሁ ከፋርማሲ በሚገዛ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ደግማችሁ ሙሉት፤ የመርፌውን ሹል ጫፍ አስቀድማችሁ በሞረድ አደንዝዙት። አፉ ሰፍቶ መላላት እስኪጀምር ድረስ ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። መርካቶም ሆነ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቶ “ቀለም አለ?” ላለ ሰው ከሚወጡለት ጠርሙሶች ግማሹ ለፋውንቴን ፔን የማይሆን ነው። አንደኛው የማኅተም ቀለም ነው። ጠርሙሱ ትንሽ፣ መልኩ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ፣ ዋጋው ደግሞ የሚስብ ነው። የተሠራው ግን የማኅተም ስፖንጅ ላይ ሳይደርቅ እንዲቆይ ስለሆነ ግሊሰሪንና መሰሎቹ ይበዙበታል። ለመለየት ጠርሙሱን አዘንብሉት፤ መስታወቱ ላይ እንደ ዘይት እየተጎተተ ከወረደ ተዉት። ጥርጣሬ ካለ ስቴኪኒ ነክራችሁ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጉ፤ የብዕር ቀለም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይደርቃል፣ የማኅተሙ ግን ጣት ሲነካው ገና ይለቃል።

ሁለተኛው ኢንዲያ ኢንክ ወይም ድሮዊንግ ኢንክ የሚል የተለጠፈበት ነው። ይህ ጥላሸት በሼላክ ወይም በሌላ ማጣበቂያ የተያዘበት የሥዕልና የንድፍ ቀለም ነው። ወረቀት ላይ እጅግ ያምራል፤ ውሃ አይነካውም። ፊዱ ውስጥ ማለትም ከኒቡ ሥር ባለው ባለ ስንጥቅ ፕላስቲክ ውስጥ ከደረቀ ግን ውሃ አያወጣውም፤ ብዕሩ እዚያው አለቀለት። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥላሸትና ከሌላ ሌላው ቀምመው ለወራት የሚያብላሉት ጥቁር ቀለምም በዚሁ ምክንያት ለፋውንቴን ፔን አይሆንም። ለዘመናት ያቆየው ነገር፣ ጥላሸቱ ብርሃንም ውሃም የማይበግረው መሆኑ፣ ለጠባቡ ስንጥቅ ጠላት ነው። ቦታው መቃ ብዕር ነው፣ እዚያም አቻ የለውም።

ሦስተኛው ፈተና የፕሪንተር ቀለም ነው። 100 ሚሊ ሊትሩ ከብዙ የብዕር ቀለም ይረክሳልና ብዙ ሰው ያጓጓዋል። ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ዱቄት የተሠራ ስለሆነ ይደፍናል። ባለ ማቅለሚያው ደግሞ ለፕሪንተሩ ጭንቅላት ተብሎ የላላ ስለሆነ ከኒቡ ይዘረገፋል፣ ደብተር ላይም ሥር ያወጣል፣ ማለትም ከመስመሩ ወጥቶ ይበተናል። ዋጋው ቢረክስም አልመክረውም።

ጠርሙሱ ትክክለኛው ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ብርሃን አንሡትና ታችኛውን ጥግ እዩ። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ ርካሽ ቀለም ታች ዝቃጭ ይይዛል፤ ላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከተንሳፈፈ ሻጋታ ነው። ዝቃጩ ሲነቀነቅ ሟሙቶ ካልጠፋ፣ ወይም ሽታው የኮመጠጠ ወይም የምድር ቤት ከሆነ አይገዛም። የሻገተ ቀለም አጣርቼ እጠቀማለሁ ማለት ሻጋታውን ወደ ብዕሩ ማስገባት ነው።

ሶፍቱ ላይ የወጣው

ወደ መዝገቡ ልመለስ። የጠፋውና የተረፈው ቀለም ልዩነታቸው የታየው ሶፍት ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጌጥ የሌለው ነጭ ሶፍት፣ ከተገኘም የቡና ማጣሪያ ወረቀት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይዞ ይቆረጣል። ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ላይ በእርሳስ መስመር ይሰመራል፤ እርሳስ የሚሆነው ውሃ ስለማያንቀሳቅሰው ነው። መስመሩ ላይ በብዕሩ ጫፍ አንድ ነጥብ ይደረጋል፤ ሲደርቅ በላዩ ላይ ይደገማል። ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ተጨምሮ፣ ሶፍቱ ስቴኪኒ ላይ ተንጠልጥሎ ጫፉ ብቻ ውሃውን እንዲነካ ይደረጋል። ነጥቡ ራሱ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከገባ ቀለሙ ወደ ብርጭቆው ይፈስሳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም።

ውሃው ቀስ እያለ ሶፍቱን ይወጣል። መስመሩ ጋ ሲደርስ የጠፋው ቀለም ጥቁሩ ነጥብ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ ከላይኛው ጠርዙ ሰማያዊ ጭስ የመሰለ ነገር ይለቃል። ሰማያዊው ከውሃው እኩል እየሮጠ ጥቁሩን ጥሎት ይሄዳል። ከኋላው ሐምራዊው ይከተላል፤ እሱ ቀርፈፍ ያለ ነው፣ መሐል ላይ ሰፍቶ ይተኛል። ብርቱካንማ የሆነ ቢጫ ደግሞ ከሥር እየጎተተ ይመጣል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጥቁር የሚባል ነገር ሶፍቱ ላይ የለም። ነጥቡ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል።

ያን ጊዜ ነው የመዝገቡ ገጽ የተነበበው። ሐምራዊው ዳመና ያ መሐል ላይ የተኛው ነው፤ ውሃው የቆመበት ሰማያዊ መስመር ያ ፊት ፊት የሮጠው ነው። ያ ጠርሙስ ጥቁር ማቅለሚያ ኖሮት አያውቅም። ሦስት ማቅለሚያዎች ተደራርበው ለዓይን ጥቁር መስለው ነበር፤ ሦስቱም ውሃ ባገኙ ጊዜ በየፊናቸው ለመሄድ የተዘጋጁ ነበሩ። ከጣሪያ የወረደው ውሃ የሠራው ሥራ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ከሠራው በምንም አይለይም። ከዚያ ወዲያ ቀለምን የማየው በዚህ መንገድ ነው፤ ጥያቄው ምን ያህል ጠቆረ የሚለው መሆኑ ቀርቶ መስመሩ ላይ ምን ቀረ የሚለው ሆኗል።

የተረፈው ቀለም ጠርሙሱ ላይ ብሉ ብላክ (ሰማያዊ ጥቁር) ይላል። እሱም ተመሳሳይ ነጥብ ተደርጎበት አንድ ቀን ካደረ በኋላ ሲንጠለጠል ሰማያዊው ለቆ ሄደ። መስመሩ ላይ ግን ግራጫ ነጥብ ቀረ፤ ውሃ ቢመላለስበትም አልተነቃነቀም። ይህ ብረት ያለበት ቀለም ነው። የብረት ሰልፌትና ከዛፍ እንቅርት (ዛፍ ላይ ከሚያብጥ እባጭ) የሚገኘው የታኒን ዘር ውሃ ውስጥ አብረው ሟሙተው ይቀመጣሉ። ወረቀት ላይ አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ፤ ከጠቆሩ በኋላ ውሃ አያሟሟቸውም። ሰማያዊ ማቅለሚያው የተጨመረው ሲጻፍ እንዲታይ ነው፤ ጥቁረቱ ከሰዓታት እስከ ቀናት ቆይቶ ይመጣል። የመዝገቡ ግራጫ ስሞች እነዚህ ናቸው።

ነገር ግን ብሉ ብላክ የሚል ሁሉ ብረት አለው ማለት አይደለም። ፔሊካን 4001 ብሉ ብላክ ብረት ያለበት ነው፤ ብዙዎቹ ግን ሰማያዊና ጥቁር ማቅለሚያ ብቻ የተደባለቀባቸው ናቸው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ነውና ማጣሪያው ቀላል ነው። ጽፋችሁ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ከዚያ በስቴኪኒ አንድ ጠብታ በረኪና ጣል አድርጉበት። ማቅለሚያ ብቻ ከሆነ ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይቀራል። ብረት ካለበት ጥቁረቱ ጠፍቶ የዛገ ቢጫ ቡናማ ዱካ ይተዋል። በረኪናውን ክፍት መስኮት አጠገብ ያዙት፣ ከሌላ ማጽጃ ጋርም አትቀላቅሉት።

ቤት ቢት ሲሆን

ሁለተኛው ሙከራ ወረቀት ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ፊደላችን ከላቲኑ ይበልጥ ይፈርዳል። ርካሽ ቀለም ደብተር ላይ ሥር የሚያወጣው በወረቀቱም ምክንያት ነው። ወረቀት ሲሠራ ውሃ እንዳይጠጣ እንደ ስታርች ያለ ነገር ይጨመርበታል፤ ርካሽ ደብተር ላይ ይህ ስለሚሳሳ ቀለሙ በወረቀቱ ቃጫዎች መሐል እየተሳበ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ሲጻፍበት ፊደሉ ይወፍራል እንጂ ይነበባል። አማርኛ ላይ ግን ኃምስን ከሣልስ የሚለየው እግር ሥር ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። ቀለሙ ሲበተን ቀለበቷ ትሞላለች፤ ቤ ቢ ይሆናል፣ ሌ ሊ ይሆናል። ቤዛ የሚለው ስም መዝገብ ላይ ቢዛ ተብሎ ይነበባል። ሌሊሴ ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ትበላሻለች።

ስለዚህ ለሙከራ “ሰላም ለዓለም” ብሎ መጻፍ ብዙ አይነግራችሁም። ጠባብ ዓይን ያላቸውን ምረጡ፦ ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ጬ፣ ፄ፣ ቋ፣ ኘ፣ ዧ። በተለመደው የእጅ ጽሑፋችሁ መጠን ጻፏቸው፤ ተልቀው ከተጻፉ ሁሉም ቀለም ያልፋል። ያንኑ መስመር ቢያንስ ሦስት ወረቀት ላይ ድገሙት፤ ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ 80 ግራም ኤ ፎር እና ልትጽፉበት ያሰባችሁት መዝገብ ራሱ ላይ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ነጥብ ነጥብ ብሎ ካለፈ የደብተሩን አንድ ገጽ ብቻ ነው የምትጠቀሙት፤ የቀለሙ ርካሽነት ወረቀት ላይ ተመልሶ ይከፈላል። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ አየር ውስጥ ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ለመበተን ጊዜ ያገኛል፤ ጥር ላይ ያለፈ ቀለም ሐምሌ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኒቡን ጠርሙስ ውስጥ ነክሮ መሞከር የተለመደ ነው፤ ግን እንዲህ የተነከረ ኒብ ፊዱ ከሚሰጠው ይበልጥ ቀለም ይሸከማል። መስመሩ ይደምቃል፣ ይበተናልም። ትክክለኛውን መልክ ለማየት 0.5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ካርትሪጅ ውስጥ ጨምራችሁ ግማሽ ገጽ ከጻፋችሁ በኋላ ያለውን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ውስጥ የማጠቢያ ውሃ ቅሪት ይኖራልና አይቆጠሩም።

የመድረቂያ ጊዜ ለመለካት አጫጭር ሰረዞችን ደርድራችሁ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሰከንድ በጣት ጥረጓቸው። ኤ ፎር ላይ ከ20 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ቀለም ገጽ ቶሎ ቶሎ ለሚገለብጥ ተማሪ አይመችም።

ለብርሃኑ ሙከራ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የተጻፈበትን ወረቀት ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ መስኮት ላይ ለጥፉት። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል በደቡብ በኩል ያለው መስኮት ይሻላል። ከፍታ በየ1000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩን 10 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው። በአንድ ወር ውስጥ ካርቶኑን ስታነሡ የሚታጠብ (በውሃ የሚለቅ) ሰማያዊ ከሆነ በሁለቱ ወገን መካከል ያለውን ድንበር በዓይን ትለያላችሁ። ከርካሾቹ ፈጥኖ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ሮዝና ሐምራዊው ነው፤ ለዚህ ነው የተቀላቀለ ጥቁር ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ የሚያዘነብለው።

የቱ ለምን ይሁን

የሚታጠበው ሰማያዊ በውሃውና በብርሃኑ ሙከራ ቢወድቅም የሚጣል አይደለም። ለተማሪ ከእሱ የተሻለ የለም። ፍሰቱ የሰከነ ነው፣ ብዕር አያስቸግርም፣ ዩኒፎርም ላይ ሲፈስስ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይለቃል። ማስታወሻ፣ ረቂቅ፣ የቤት ሥራ ይጻፍበት። ውል፣ ደረሰኝ፣ የዕድርና የዕቁብ መዝገብ ግን በፍጹም አይጻፍበት። ጥቁር ማቅለሚያም ሶፍቱ ላይ ነጥቡን ካላስቀረ ከዚሁ ይመደባል፤ መልኩ ቁም ነገረኛ ስለሆነ ብቻ ሰው ያምነዋልና እንዲያውም ይብሳል።

ለመዝገብ ብረት ያለበት ብሉ ብላክ ተመራጭ ነው። ጠባዩ ግን ይታወቅ። አሲድ አለው፤ የብረት ኒብ ውስጥ ለወራት ከተተወ ይበላዋል፣ ከደረቀም የማይለቅ ቅርፊት ይሠራል። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ብዕሩ ይታጠብ፤ ከሌላ ቀለም ጋር አይደባለቅ። ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቆይ አየር ውስጡ ያጠቁረውና ዝቃጭ ይሆናልና ትንሹን ጠርሙስ መግዛት ይሻላል። ይህ ካልተገኘ መዝገቡን በተራ እስክሪብቶ ጻፉት። የፋውንቴን ፔን ወዳጅ ሆኜ ይህን ስል ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዘይታማ ስለሆነ የጣሪያ ውሃ አይወስደውም።

አስቀድሞ በሚታጠብ ቀለም የተጻፈ መዝገብ ካለ ሰኔ ሳይገባ ፎቶ ኮፒ ይደረግ። የኮፒ ማሽን ዱቄት በሙቀት ቀልጦ ወረቀት ላይ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አያፈስሰውም። የረጠበ ገጽ ደግሞ አይታሽም፣ አይጨመቅም፤ በነጭ ሶፍት መሐል ተደርጎ ከላይ በመጠኑ ይጫን፣ ሶፍቱም ይቀያየር።

ብዕሩን ለማስተካከል

አንዱን ቀለም አውጥታችሁ ሌላ ስትሞክሩ መሐል ላይ ማጠብ ግድ ነው። ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ በፊዱ በኩል እስኪጠራ ድረስ ግፉበት፤ እምቢ ካለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምራችሁ አሳድሩት። የፈላ ውሃ ፊዱን ያጣምማል፤ አልኮል አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ይተዋል፤ የመጨረሻው መለቅለቂያ የተጣራ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ለዚህ ይሆናል፤ ግን አሲዱ አጠገቡ ይሸጣልና ጽሑፉን አንብባችሁ ግዙ። ከዚያ ኒቡን ወደ ታች ሶፍት ላይ አቁማችሁ አሳድሩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሳይደርቅ የተሞላ ብዕር የሚሰጣችሁ ውጤት የቀለሙ ሳይሆን የውሃው ነው።

ቀለሙ በቅጡ ሳይፈስስ የሚቆራረጥ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ለይታችሁ የስቴኪኒ ጫፍ ላርጎ አስነክታችሁ ቀለሙ ውስጥ አዙሩት። ይህ በቂ ነው፤ ከበዛ ያው ወረቀት ላይ ይበተናል። ጠርሙሱ ተንኖ የወፈረ ከሆነ በየ20 ሚሊ ሊትሩ እስከ 1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይጨመር፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሻጋታ የሚከላከለው ነገርም ይሳሳል። የሚበተነውን ቀለም ግን ውሃ መጨመር አያድነውም። መፍትሔው ቀጠን ያለ ኒብ ወይም ቀለም የሚቆጥብ ብዕር ነው። የግራር ሙጫ መጨመር ለመቃና ተነክሮ ለሚጻፍበት ብዕር ይሠራል፤ ፋውንቴን ፔን ውስጥ ግን ይጣበቃል። ሁለት ቀለም ማደባለቅ ያማራችሁ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ ቀላቅላችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት፤ ታች ዝቃጭ ከታየ ወደ ብዕር አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የእኛን አካባቢ ሰው የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። በባሕር ወለል ደረጃ የታሸገ ጠርሙስ እዚህ ሲደርስ ውስጡ የታፈነ አየር አለው። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ፣ በሶፍት ሸፍናችሁ አላሉት። ብዕር ውስጥ ያለው አየርም እንዲሁ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ችግር የለም። ስትመለሱ ግን ከ500 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ የታፈነው አየር 7 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ግማሽ ሚሊ ሊትር አየር ያለበት ኮንቨርተር (በካርትሪጅ ምትክ የሚገባ፣ ከጠርሙስ የሚሞላ ቱቦ) አንድ ጠብታ ለመሆን ትንሽ የጎደለው ቀለም ይገፋል፤ ጤነኛ ፊድ ያንን በስንጥቆቹ ይይዘዋል። ቀለም በቀጥታ ቱቦው ውስጥ የሚፈስስበት ርካሽ ብዕር ግን 2 ሚሊ ሊትር አየር ሊኖረው ይችላል፤ ሦስት ጠብታ ያህል ይተፋል፣ ላርጎ የበዛበት ወይም የላላ ቀለም ከሆነ ደግሞ ፊዱም አያቆመውም። ከአዳማ ከመነሣታችሁ በፊት ወይ እስከ አፉ ሙሉት ወይ ጨርሳችሁ ባዶ አድርጉት፤ ኒቡንም ወደ ላይ አድርጋችሁ የደረት ኪስ ውስጥ አቁሙት። ቤት ስትደርሱ ክዳኑን የምትከፍቱት ኒቡ ወደ ላይ እንዳለ፣ ሶፍት ይዛችሁ ይሁን።